ፖንታ ዴልጋዳ፦ ከቦስተን እስከ ሠመራ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዕትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንዲት ከተማ ናቸው። ፖንታ ዴልጋዳ የፖርቱጋል ወደብ ናት፤ የምትገኘውም በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ከተበተኑት ዘጠኝ የአዞረስ ደሴቶች ትልቁ በሆነው በሳኦ ሚጌል ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ከሊዝበን ወደ ምዕራብ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመግቢያና የኪራይ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አልጻፍንም።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቦስተን አካባቢ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ፖንታ ዴልጋዳ ላይ ጥቂት ቀናት ማረፍ እፈልጋለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ቪዛ ያስፈልገኛል? በረራውስ እንዴት ነው?
*አንባቢ፣ ማሳቹሴትስ*

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልግዎታል። አዞረስ ከፖርቱጋል ጋር ሸንገን ውስጥ (በጋራ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) ያለ ነው። ግሪን ካርድ የሚጠቅምዎ ከአየር ማረፊያ ሳይወጡ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ነው፤ ደሴቱን ለመርገጥ የአጭር ጊዜ ቪዛ ይጠየቃሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል። በጀርመን፣ በስዊድን፣ በጣልያንና በሌሎችም የሸንገን አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ወገኖችም በዚያው ፈቃድና በፓስፖርታቸው መግባት ይችላሉ። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ግን ለዚህ አያገለግልም።

ማመልከቻው የሚቀርበው ዋና መድረሻዎ ለሆነው አገር ስለሆነ፣ የሚያርፉት ፖንታ ዴልጋዳ ከሆነ ቦስተን ላለው የፖርቱጋል ቆንስላ ያስገባሉ። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ መጀመር ይቻላል፤ 15 ቀን ሲቀር ግን በሩ ይዘጋል። መደበኛው የማስኬጃ ጊዜ 15 ቀን ነው፤ እስከ 45 ሊሄድ ስለሚችል ሁለት ወር ቢቀድሙ ይሻላል። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድንም ይጠየቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመግቢያውን ብዛት ነው። ሲሄዱ ፖንታ ዴልጋዳ አርፈው፣ ሲመለሱ ደግሞ ሊዝበን ከተማ ገብተው ለማደር ካሰቡ ያ ሁለተኛ መግቢያ ነው። ቅጹ ላይ «አንድ ጊዜ» የሚለውን ሞልተው ከሆነ የመልስ ጉዞው ላይ ይጣበቁበታል።

ከቦስተን ቀጥታ በረራ አለ፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን መስመር በሕይወት ያቆየው ቱሪስት ብቻ አይደለም፤ ከአዞረስ የፈለሱ ቤተሰቦች በማሳቹሴትስ ከተሞች በፎል ሪቨርና በኒው ቤድፎርድ ለትውልዶች ኖረዋል። ከፖንታ ዴልጋዳ ሊዝበን ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ነፋስና ጭጋግ በረራ ያዘገያሉና የሊዝበኑንና የአዲስ አበባውን ጉዞ በተለያየ ትኬት ገዝተው በአንድ ቀን አያገናኙ። በአንድ ትኬት ከሆነ የቀረውን ጉዞ የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ነው፤ በሁለት ከሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ሠመራ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አዞረስ ሦስት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚገናኙበት ነው ሲባል አንብቤያለሁ። ከአፋር ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው? ከተማዋስ ለእሳተ ገሞራ ምን ያህል የተጋለጠች ናት?
*መምህር፣ ሠመራ*

መልስ፦ ይመሳሰላል፤ እንዲያውም አንደኛው ሰሌዳ ለሁለቱም የጋራ ነው። አፋር ላይ የሚራራቁት የኑቢያ፣ የሶማሌና የዓረብ ሰሌዳዎች ናቸው። አዞረስ ላይ የሚገናኙት ደግሞ የሰሜን አሜሪካ፣ የዩሬዥያና ያው የኑቢያ ሰሌዳ ናቸው። አብዛኛውን አፍሪካ የተሸከመው የኑቢያ ሰሌዳ አንድ ጠርዙ ተማሪዎችዎ ደጅ፣ ሌላው ጠርዙ አዞረስ አጠገብ ያበቃል ማለት ነው። ልዩነቱ አፋር ላይ ስንጥቁ በየብስ ላይ በእግር ተሂዶ የሚታይ መሆኑ ነው፤ እዚያ አብዛኛው ከባሕር ሥር ነው። የአትላንቲክ መካከለኛ ሸንተረር ደሴቶቹን አቋርጦ ስለሚያልፍ ፍሎረስና ኮርቮ የተባሉት ሁለቱ ምዕራባውያን ደሴቶች በሰሜን አሜሪካ ሰሌዳ ላይ ቀርተዋል። ሳኦ ሚጌል ያለው የዩሬዥያና የኑቢያ ድንበር ላይ ነው።

በደሴቱ ላይ ያልሞቱ ሦስት ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች አሉ፦ በምዕራብ ሴቴ ሲዳዴስ፣ በመሀል ፎጎ፣ በምሥራቅ ፉርናስ። ከተማዋ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል፣ ትንንሽ የገሞራ ጉብታዎች በተደረደሩበት ዝቅተኛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፎጎ በ1563፣ ፉርናስ በ1630 ፈንድተዋል። በየብስ ላይ የመጨረሻው ፍንዳታ በ1652 በእነዚሁ ጉብታዎች መካከል ነበር።

ለክፍል የሚሆን አንድ ታሪክ እንጨምርልዎ። በ1811 ከደሴቱ ምዕራባዊ ጫፍ ራቅ ብሎ ባሕር ውስጥ ፍንዳታ ተነሣና አዲስ ደሴት ብቅ አለ። ሳብሪና የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ አዛዥ ጄምስ ቲላርድ ጁላይ ላይ ወርዶ የአገሩን ባንዲራ ተከለበት፤ ደሴቱንም በመርከቡ ስም ጠራው። ክምሩ አመድና ልል ድንጋይ ስለነበር ማዕበሉ በጥቂት ወራት ጠርጎ ወሰደው። ባንዲራ ተክሎ የባለቤትነት ክርክር ለማስነሣት ያን ያህል የቸኮለ ሰው፣ መሬቱ እስኪረጋ ቢጠብቅ ኖሮ ድካሙ ይቀርለት ነበር።

ዛሬ የመሬቱን መንቀጥቀጥና የሚወጣውን ጋዝ የአዞረስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይከታተላሉ። ለጎብኚ ከፍንዳታ ይልቅ ቅርብ የሆነው አደጋ ሌላ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ገደላማ መንገዶች ላይ አፈር ይናዳል። ፉርናስ መንደር ውስጥ ደግሞ ከመሬት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጎድጓዳ ቦታና ምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታ ስለሌለው አያስታውቅም። በጭሱ አጠገብ የሚሸተው ድኝ ነው፤ እሱ ስለጠፋ ብቻ አየሩ ንጹሕ ነው አይባልም። ልጆች በእንፋሎት ጉድጓዶቹ አካባቢ ዝቅ ብለው እንዲጫወቱ አትፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ ሳየው ባሕሩ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ተፈጥሮ የሰጠችው ወደብ አይመስልም። ታዲያ ከተማው ለምን እዚያ ተመሠረተ?
*አንባቢ፣ አዳማ*

መልስ፦ ትክክል አይተዋል። የተፈጥሮ ወደብ የለም፤ የከተማዋም ታሪክ ባብዛኛው ያንን ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ትግል ነው።

ፖርቱጋሎች ደሴቱን መስፈር የጀመሩት በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ በስተምሥራቅ ያለችው ቪላ ፍራንካ ዶ ካምፖ ነበረች። ኦክቶበር 22 ቀን 1522 ሌሊት መሬት ተንቀጠቀጠና ከበላይዋ ያለው ተራራ ተንዶ ነዋሪዎቿን ተኝተው ሳሉ ቀበራቸው፤ የሞቱት በሺዎች ይቆጠራሉ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩም ንግዱም ወደ ፖንታ ዴልጋዳ ዞረ። መሬቷ ሜዳማ ነው፤ ዙሪያዋ እህል ያበቅላል፤ ደሴቱም ከሰሜን ነፋስ ይከልላታል። ንጉሥ ዦዋዎ ሦስተኛ ኤፕሪል 2 ቀን 1546 የከተማነት ማዕረግ ሰጣት። ሀብት ሲመጣ የባሕር ወንበዴም ተከተለ፤ ዛሬም ወደቡ ዳር የቆመው የሳኦ ብራስ ምሽግ በ1552 የተጀመረው ለዚያ ነው።

ችግሩ በደቡብ በኩል ክፍት መሆኗ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደሴቱ ብርቱካን እየጫነ ወደ እንግሊዝ ይልክ ነበር። ብርቱካን የሚደርሰው ከኖቬምበር ጀምሮ ነው፤ ባሕሩ የሚናወጠውም ያኔ ነው። መርከቦቹ ከዳር ርቀው መልሕቅ ይጥላሉ፤ ሣጥኑ በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። የደቡብ ነፋስ የተነሣ እንደሆነ መርከቡ ጭነቱን ሳይጨርስ መልሕቁን ትቶ ወደ ጥልቁ መሸሽ ነበረበት። ያልሸሸው ቋጥኝ ላይ ይሰበራል። የብርቱካን ነጋዴዎች ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ በ1861 ማዕበል የሚሰብር ረጅም የድንጋይ ግንብ ወደ ባሕሩ መሠራት ጀመረ። ማዕበሉ እየናደው፣ ሠራተኛው እየጠገነው ሥራው አሥርት ዓመታት ፈጀ። በዚህ መሀል ግንዱን እያነባ የሚያደርቅ በሽታ ዛፎቹን ጨረሳቸው፤ የስፔን ብርቱካንም ገበያውን ወሰደው። ወደቡ ሲደርስ የተሠራለት ፍሬ አልነበረም።

ግንቡ ግን ለሌላ ዋለ። የድንጋይ ከሰል የሚቀዱ የእንፋሎት መርከቦች ማረፊያ ሆነ። ጁላይ 4 ቀን 1917 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከተማዋን በመድፍ ሲደበድብ፣ ለጥገና ወደቡ ላይ የነበረችው ኦሪዮን የተባለች የአሜሪካ የከሰል መርከብ ተኩሳ መልሳዋለች። በ1918 አሜሪካኖቹ የባሕር ኃይል ሰፈር ከፈቱ። ለሽርሽር መርከቦች የሚያገለግለው ፖርታስ ዶ ማር የተባለው ዘመናዊ ማረፊያ የተከፈተው በ2008 ነው።

ይህን ታሪክ በእግር ማየት ለሚፈልግ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከሦስቱ ቅስቶች ይጀምሩ፤ የከተማዋ በር ናቸው፣ በ1783 ተሠርተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባሕር ዳሩ ጎዳና ሲዘረጋ ከቦታቸው ተነሥተው ዛሬ ያሉበት ተተክለዋል። ከኋላቸው የቅዱስ ሰባስቲያን ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳው በኖራ ነጭቶ፣ ማዕዘኑና የመስኮት ዙሪያው በጥቁር ባዛልት የተያዘ ነው፤ በከተማው ሁሉ የምታዩት ይህንኑ ነው። የዋናው በር ጥልፍ መሳይ ቅርጽ ግን ከውጭ በመጣ ነጭ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ከዚያ ወደ ምሽጉ፣ ከምሽጉ ሽቅብ ወደ አትክልት ሥፍራዎቹ ይሂዱ። በብርቱካን የበለጸጉት ቤተሰቦች፣ ለምሳሌ ዦዜ ዶ ካንቶና አንቶኒዮ ቦርጅስ፣ ከዓለም ዙሪያ ዛፍ እያስመጡ ያለሟቸው ናቸው። እኛ ከከተማዋ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው እነሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን። ሐይቆቹን፣ ፍል ውኃውንና ከተማውን በምን ቅደም ተከተል ብናያቸው ይሻላል?
*ባልና ሚስት፣ ፍራንክፈርት*

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ለደመናው ተዉለት። ሰው ፖንታ ዴልጋዳ ሄዶ «ምንም አላየሁም» ብሎ የሚመለሰው ሰኞ ሴቴ ሲዳዴስ፣ ማክሰኞ ፎጎ ብሎ ቀን ቆርጦ ስለሚሄድ ነው። ከተማው ላይ ፀሐይ ሆኖ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ተራራ በጉም ሊታፈን ይችላል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ይገለባበጣል። ስፖት አዞረስ የተባለው አገልግሎት በየመመልከቻው የተተከሉ ካሜራዎችን በቀጥታ ያሳያል። ጠዋት ከማደሪያችሁ ሳትወጡ እሱን ክፈቱ፤ የጠራውን ቦታ መርጣችሁ ሂዱ።

ፎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ ተራራ ላይ ስላለ ቶሎ የሚሸፈነው እሱ ነው። ካሜራው ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ሌላውን ትታችሁ ወደዚያ ብረሩ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ የግል መኪና በቀን ወደ መመልከቻው እንዳይወጣ የሚታገድበትና ሰው በአመላላሽ አውቶቡስ የሚሄድበት ወቅት ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሴቴ ሲዳዴስ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የገሞራ አፍ ውስጥ፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ሰማያዊ የሚመስል ጥንድ ሐይቅ ተኝቷል። ወንጪን ያየ ሰው ቅርጹ እንግዳ አይሆንበትም፤ ገደሉ ጫፍ ድረስ በመኪና ይደረሳል። ውኃው አንድ ነው፤ ድልድይ ለሁለት ከፍሎታል። ሰማያዊው ጥልቅ ስለሆነ ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ አረንጓዴው ጥልቀቱ ያነሰና አልጌ የበዛበት ነው። ስለዚህ ቀለሙ የሚለየው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። በማለዳ ወይም በደመና የመጣ ሰው ሁለት ግራጫ ሐይቅ አይቶ ይመለሳል። ከቪስታ ዶ ሬይ መመልከቻ ይልቅ ቦካ ዶ ኢንፌርኖ የተባለው ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ከመኪና ማቆሚያው አጭር የእግር መንገድ አለው። ከግጦሹ የሚታጠበው ማዳበሪያ ውኃውን ስላደከመው ዋና አይመከርም።

ሁሉም ተራራ የተሸፈነበት ቀን የፉርናስ ቀን ነው። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ ቢጥልም ፍል ውኃ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲመለሱ በሰሜን ዳርቻ በኩል ዞረው ጎሬያና ሻይ ማሳን ይዩ፤ ከ1883 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነው። ብርቱካኑ ሲጠፋ የደሴቱ ባለርስቶች የሞከሩት አንዱ ምትክ ሻይ ነበር፤ ሙያውን ያስተማሩት በ1878 ከማካው የመጡ ሁለት ቻይናውያን ናቸው።

መኪና ተከራዩ። አውቶቡስ አለ፤ ግን የተዘረጋው ለሠራተኛና ለተማሪ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ይሳሳል፤ መመልከቻዎቹ ጋም አይደርስም። ብዙው የኪራይ መኪና ባለማርሽ ነው፤ አውቶማቲክ የሚፈልግ ሰው ወራት ቀድሞ ይያዝ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻ ያለው ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ ይጨምር። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፤ የወተት ላሞችም ይሻገሩበታል።

ጥያቄ፦ ፉርናስ ላይ በመሬት ሙቀት የሚበስል ምግብ አለ ይባላል። የአሳማ ሥጋ ለማንበላ ሰዎች ይሆናል? በጾም ለሚሄድስ?
*አንባቢ፣ ሐይፋ*

መልስ፦ የተለመደው አይሆንም። ኮዚዶ ይባላል፤ ብረት ድስት ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ከአሳማና ከደም የተሠራ ቋሊማ፣ ከዚያ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ካሮትና ጎደሬ ይደረደራል። ውኃ አይጨመርበትም፤ የሚበስለው በራሱ ፈሳሽ ነው። ድስቱ ታስሮ በሐይቁ ዳር በተቆፈረ ሙቅ ጉድጓድ ይወርድና አፈር ይለበሳል። ስድስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ እኩለ ቀን አካባቢ ይወጣል። ሲወጣ ማየት የሚፈልግ ያን ሰዓት ሐይቁ ዳር ይገኝ።

ድስቱ የሚዘጋጀው ሌሊት ስለሆነ እዚያ ደርሶ «አሳማውን አውጡልኝ» ማለት ትርጉም የለውም፤ ስቡ ጎመኑ ውስጥ ገብቷል። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ለምግብ ቤቱ ደውለው የተለየ ድስት ይጠይቁ። በአትክልት ብቻ የሚሠሩ አሉ። ለጾመኛም የሚሻለው ይኸው ነው፤ ጎደሬው በዚህ መንገድ ሲበስል የሚያገኘው ለስላሳነት ከሥጋው ይልቅ የሚወደስ ነው። ቦሎ ሌቬዶ የተባለው የፉርናስ ጠፍጣፋ ዳቦ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ነው፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለሚገባበት ግን ለጾም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ይርጋለም አካባቢ አናናስ አለማለሁ። አዞረሶች አናናስን በጭስ ያሳብባሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እንዴት?
*ገበሬ፣ ሲዳማ*

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሳይንሱም ያስኬዳል። አናናስ ሲተው እያንዳንዱ ተክል በራሱ ጊዜ ያብባል፤ አንድ ማሳ ለመልቀም ወራት ይፈጃል። እርጥብ ቅጠልና እንጨት ሳይነድ ሲጨስ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ይሰጣል። ያ ጋዝ ለተክሉ የማበብ ትእዛዝ ነው። ፖንታ ዴልጋዳ ዳር ባለችው ፋዣ ዴ ባይሾ የመስታወት ቤቶቹን ይዘጉና በጣሳ ውስጥ እርጥብ ቅጠል ያጨሱባቸዋል፤ ይህን ለተከታታይ ቀናት ይደጋግሙታል። ከዚያ የአንድ ቤት ተክል በሙሉ በአንድ ሰሞን ያብባል።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። እሳቱ ነበልባል ካወጣ የሚፈለገው ጭስ ይጠፋል፤ ቅጠሉም ይለበለባል። ተክሉ በቂ ቅጠል ሳያወጣ ከተጨሰበት ደግሞ ያብባል እንጂ የሚሸከመው ፍሬ ጭብጥ ያህል ይሆናል። በተጨማሪም ጭሱ የሚሠራው ቤቱ ዝግ ስለሆነ ነው፤ እንደ እርስዎ ሜዳ ላይ ላለ ማሳ ነፋስ ይወስደዋል። ሜዳ ላይ አናናስ የሚያለሙ አገሮች ለዚሁ ሥራ ኤቴፎን የተባለውን በውኃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ወይም ከካልሲየም ካርባይድ የሚወጣውን ጋዝ ይጠቀማሉ። መጠኑን ከአካባቢዎ የግብርና ባለሙያ ጋር ይወስኑ።

የአዞረስ ገበሬ መስታወት ቤት የሚሠራው አየሩ ለአናናስ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ቀዝቃዛው ወቅታቸው በአማካይ 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሞቂያ የለውም፤ ፀሐይ ብቻ ነው። መስታወቱን ኖራ የሚቀቡት ቅጠሉ እንዳይቃጠል ነው። ከሥሩ የቅጠልና የቅርንጫፍ ብስባሽ ያነጥፋሉ። ከተተከለ እስከሚለቀም ሁለት ዓመት ይጠጋል፤ ስለዚህ ዋጋው ከሞቃት አገር አናናስ ይበልጣል። ፍሬው ትንሽ፣ ሽታው ኃይለኛ፣ ጣፋጭነቱ ኮምጠጥ ያለ ነው። ማሳዎቹ ለጎብኚ ክፍት ናቸው።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪ ለማየት የትኛው ወር ይሻላል? ነፍሰ ጡር ነኝ።
*አንባቢ፣ ዋሽንግተን*

መልስ፦ ካሻሎት የተባለው ትልቅ ራስ ያለው ዓሣ ነባሪ ዓመቱን ሙሉ አለ። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ የሚያልፈው ከማርች እስከ ጁን ባለው ጊዜ ነው። በአየር የሚነፋው ፈጣን ጀልባ ማዕበሉ ላይ ስለሚዘል ለእርስዎም ሆነ ወገቡን ለሚያመው አይሆንም፤ ትልቁን ባለሁለት ቀፎ ጀልባ ይጠይቁ፣ ሐኪምዎንም ያማክሩ። በየገደሉ ጫፍ በባይኖክላር የሚቃኙ ጠባቂዎች ለጀልባዎቹ በሬዲዮ አቅጣጫ ይሰጣሉ። ማማዎቹ ዓሣ ነባሪ ይታደን በነበረበት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ አደኑ በ1980ዎቹ ቆሟል።

ጥያቄ፦ የክርስቶስን ምስል ይዘው የሚዞሩበት ትልቅ በዓል መቼ ነው? እኛ በእኛ ፋሲካ ቆጥረን ተሳስተን ነበር።
*አንባቢ፣ ሮም*

መልስ፦ የሚቆጠረው በምዕራባውያን ፋሲካ ነው፤ ዋናው ዑደት ከፋሲካው እሑድ 35 ቀን በኋላ ባለው እሑድ ይውላል። በ2026 ፋሲካቸው ኤፕሪል 5 ስለሆነ ዑደቱ ሜይ 10 ነው። የእኛ ፋሲካ በዚያ ዓመት ኤፕሪል 12 ስለሚውል በእሱ የቆጠረ ሰው ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳል። ምስሉ ክርስቶስ በጲላጦስ ፊት እሾህ ደፍቶ የቆመበት ሲሆን የሚኖረው በኤስፔራንሳ ገዳም ነው። መንገዱ በአበባ ይነጠፋል። ከአሜሪካና ከካናዳ የሚመለሱ ስደተኞች ስለሚጎርፉ ማደሪያና መኪና ከስድስት ወር በፊት ካልተያዘ አይገኝም። ሕዝብ መቀላቀል የማይወድ ጎብኚ ያን ሳምንት ቢዘለው ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ፍል ውኃዎቹ ውስጥ ስንገባ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ?
*አንባቢ፣ ዱባይ*

መልስ፦ ፉርናስ ውስጥ ያለው የቴራ ኖስትራ ገንዳ ውኃው ብረት የተሞላ፣ ቡናማ ነው። ነጭ የዋና ልብስና ፎጣ ዝገት መስሎ ይቀራል፤ ታጥቦም አይለቅም። አሮጌና ጠቆር ያለ ልብስ ይያዙ፤ የብር ጌጥ ይፍቱ፣ ይጠቁራል። አትክልት ቦታውን የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶማስ ሂክሊንግ የተባለ የቦስተን ነጋዴ ነው።

ፌራሪያ ግን ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ ፍል ውኃው በቀጥታ ከባሕሩ ቋጥኝ መሀል ይፈልቃል። ባሕሩ ሲሞላ ሙቀቱ ጨርሶ አይታወቅም፤ ሲጎድል ይሞቃል፣ ምንጩ አጠገብም ሊያቃጥል ይችላል። የዕለቱን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ አይተው ባሕሩ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ግድም ይድረሱ። በቋጥኞቹ መካከል ገመድ ተዘርግቷል፤ ሳይለቁት ይቆዩ። ማዕበል ያለ ቀን ሰዓቱ ቢመችም አይግቡ። ቋጥኙ ስለታም ስለሆነ የውኃ ጫማ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰዓታቸው ከእኛ በስንት ይለያል?
*አንባቢ፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ በአራት ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በሦስት ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከሊዝበንም አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ በረራ ሲቆጥሩ ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው።